ጨዋታው ለማን ነው?
የዌስት ኢንዲስ ክሪኬተኞች የ1983 የደቡብ አፍሪካ ጉዞና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ኤመሪቪል በኦክላንድና በበርክሌይ መካከል፣ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ የሚሰበሰበው የጥናት ክበባችን በጁን 2025 ባላሰበው ጉዳይ ተከራከረ። የክርክሩ መነሻ ክሪኬት ነበር። በዚያ ወር የአሜሪካ የክሪኬት ሊግ የዓመቱን ውድድር በኦክላንድ ኮሊሲየም ከፈተ። ቤዝቦልና የአሜሪካ እግር ኳስ ሲታይበት የኖረው ሜዳ ለክሪኬት ተሰናዳ። ከእኛም መካከል ከሕንድና ከፓኪስታን የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሄደው የተመለከቱ ነበሩ።

ከተመለሱት ጓዶች አንዱ ደስ ብሎት ሲያወራ «ስፖርት የሚያምረው ፖለቲካ ሳይገባበት ነው» አለ። አንዲት ጓድ ግን «አንተ የተቀመጥክበት ሜዳ እኮ ማንዴላ የቆሙበት ነው» ስትል መለሰችለት። እውነት ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ ከእስር በወጡ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በጁን 30 ቀን 1990፣ ወደ 60 ሺ ለሚጠጋ ሕዝብ ንግግር ያደረጉት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ለዚያ ቀን ካደረሱት ትግሎች አንዱ ደግሞ በስፖርት ሜዳ የተካሄደው፣ በተለይም በክሪኬት ጉዞ ላይ የተካሄደው ትግል ነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ዓላማችን የክሪኬትን ታሪክ በሙሉ መተረክ አይደለም። አንድን ጉዞ፣ ይኸውም የዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾች በ1983 ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ያደረጉትን ጉዞ መርምረን፣ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ታሪክ ጋር አስተያይተን፣ ለዛሬ የሚሆነንን ትምህርት ማውጣት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ክሪኬት ምንድን ነው? የማንስ ነው?

አብዛኞቻችን ክሪኬትን ሳናውቅ ያደግን ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሁለት ቡድኖች፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው ይገጥማሉ። አንዱ ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ሰፊ የእንጨት ዱላ ይዞ ከበስተኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ይከላከላል፤ ኳሷንም መትቶ ነጥብ ለማግኘት ይሮጣል። ጨዋታው ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሦስት ዓይነት አለው። አንጋፋው «ቴስት» የሚባለው ሲሆን አምስት ቀን ይፈጃል፤ ከአምስት ቀን በኋላም አሸናፊ ሳይለይ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው የአንድ ቀን ግጥሚያ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን የተወሰነ ቁጥር ያለው ኳስ ብቻ ይወረወርለታል፤ ዛሬ ቁጥሩ 300 ነው። ሦስተኛውና አጭሩ በ2003 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ሲሆን ለእያንዳንዱ ቡድን 120 ኳስ ተወርውሮ በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጓዶቻችን በኦክላንድ ያዩት ይህን አጭሩን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የክሪኬት ብሔራዊ ቡድን ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እንደ እግር ኳስ ቡድን ዘጠና ደቂቃ ተጫውቶ አይመለስም። ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ቴስቱንም የአንድ ቀኑንም ግጥሚያ ይጫወታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በአስተናጋጁ አገር ሆቴል ያድራል፣ በባቡሩ ይሄዳል፣ በባለሥልጣኖቹ ግብዣ ላይ ይቀመጣል፣ ጋዜጣው በየቀኑ ፎቶግራፉን ያወጣል። ስለዚህ የክሪኬት ጉዞ የተጋባዡ አገር ለአስተናጋጁ አገር «ሥርዓትህን ተቀብዬዋለሁ» ብሎ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይሆናል። አፓርታይድም ይፈልገው የነበረው ይህንኑ ወረቀት ነው።

ክሪኬት የተስፋፋው የእንግሊዝ ጦርና ንግድ በሄደበት ሁሉ ነው። እኛ የማናውቀውም በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ስላልወደቅን ነው። በካሪቢያን ደሴቶች በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት የኖረው ሕዝብ ልጆች ጨዋታውን ከጌቶቻቸው ተማሩት፤ ተምረውም በለጧቸው። ይሁን እንጂ ጥቁሩ ወርውሮ ቢያሸንፍም፣ መትቶ ቢያሸንፍም፣ የቡድኑ አዛዥነት ለነጩ የተጠበቀ ሆኖ ቆየ። የትሪኒዳዱ ማርክሳዊ የታሪክ ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ያዘጋጀው በነበረው ጋዜጣ ባካሄደው ዘመቻና በሕዝቡ ግፊት ፍራንክ ዎሬል በ1960 አንድን ሙሉ ተከታታይ ውድድር የመራ የመጀመሪያው ጥቁር የዌስት ኢንዲስ አዛዥ ሆነ። ይህ የሆነው ደሴቶቹ ነጻነታቸውን ለመቀዳጀት በተቃረቡበት ጊዜ መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ አይደለም። ዌስት ኢንዲስ የሚባል አንድ አገር የለም፤ በልዩ ልዩ ባንዲራ ሥር ያሉ ደሴቶችና የጋያና ሕዝብ በአንድነት የሚሰለፉት በዚህ ቡድን ነው። ቡድኑም በ1975ና በ1979 የተደረጉትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዓለም ዋንጫዎች ወሰደ።

ያገራችን ሰው በገና ጨዋታ ቀን ሎሌ የጌታውን እግር በዱላ ቢመታ ጌታው እንደማይቆጣ ይናገራል። ይህ አባባል ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛው፣ ጨዋታ ለአንድ ቀን ሰውን ሁሉ እኩል ሊያደርግ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ግን በማግስቱ ጌታው ያው ጌታ፣ ሎሌውም ያው ሎሌ መሆኑን ነው። በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ግን ያቺ አንዷ ቀን እንኳ አልተፈቀደችም ነበር።

2. ደቡብ አፍሪካ እንዴት ተገለለች?

እስከ 1970 ድረስ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድን የነጮች ብቻ ነበር። የሚገጥመውም ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ጋር ብቻ ነበር፤ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከዌስት ኢንዲስ ጋር አንድም ቴስት አልተጫወተም።

ይህን አጥር በመጀመሪያ ከነቀነቁት መካከል አገራችን አለችበት። በፌብሩዋሪ 1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ የነጮች ብቻ ወይ የጥቁሮች ብቻ ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። ዕጣው ያገናኛት ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበር ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ይድነቃቸው ተሰማ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ፣ በኋላም ከ1972 እስከ ሞቱበት እስከ 1987 ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ዘረኛው ሥርዓት ከአፍሪካና ከዓለም ስፖርት እንዲወገድ ሲታገሉ ኖሩ። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ፤ በ1963 እገዳውን አነሳ፤ በ1964 እንደገና አገደ፤ በ1976 አባረረ። ይህ መመላለስ ትግሉ ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል።

በክሪኬት በኩል መጋረጃውን የቀደደው ባዚል ዶሊቬራ የተባለ ሰው ነው። በኬፕ ታውን ተወልዶ፣ የአፓርታይድ ሕግ «ክልስ» ብሎ ስለመደበው ላገሩ መጫወት የማይችል ሆኖ፣ በ1960 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1966 ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በኦገስት 1968 በለንደን ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገ ቴስት 158 ነጥብ አስቆጠረ። ሆኖም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄደው ቡድን ሲመረጥ ስሙ ቀረ። ሕዝቡ ጮኸ። ከተመረጡት አንዱ በጉዳት ሲወጣ ዶሊቬራ ተተካ። የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ወዲያው ይህን ቡድን አልቀበልም አለ፤ ጉዞው በሴፕቴምበር 1968 ተሰረዘ። ስፖርትን ከፖለቲካ ጋር የቀላቀለው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት እኛ በምንኖርበት አካባቢም ትግሉ ተፋፍሞ ነበር። በሳን ሆዜ ስቴት ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ሐሪ ኤድዋርድስ በኦክቶበር 1967 የኦሎምፒክ የሰብዓዊ መብት ፕሮጀክት የተባለውን ንቅናቄ ከአትሌቶች ጋር መሠረተ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ደቡብ አፍሪካና ሮዴዝያ ከኦሎምፒክ እንዲታገዱ ነበር። የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ1968 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን ቢጋብዝም፣ የአፍሪካ አገሮች አንካፈልም ብለው ስለተነሱ በኤፕሪል ግብዣውን ሳበ። በኦክቶበር በሜክሲኮ ከተማ የሳን ሆዜዎቹ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በሽልማት መድረክ ላይ በጥቁር ጓንት የተሸፈነ ጡጫቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸነፈ። የደቡብ አፍሪካ ባንዲራ በዚያ ኦሎምፒክ ቢውለበለብ ኖሮ ማሞ ባልሮጠም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የ1970 ጉዞ ነው። የደቡብ አፍሪካ የክሪኬት ቡድን ወደ እንግሊዝ ሊመጣ ተዘጋጀ። ይህን ለማስቆም ከተነሱት መካከል ስደተኞች መኖራቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ዴኒስ ብሩተስ በጆሃንስበርግ በጥይት የቆሰለ፣ በሮበን ደሴት የታሰረ፣ በኋላም በለንደን በስደት ሆኖ የደቡብ አፍሪካን ዘረኛ ስፖርት ያጋለጠ ባለቅኔ ነው። ፒተር ሄይን በበኩሉ ወላጆቹ በአፓርታይድ ተቃዋሚነታቸው በ1966 ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ፣ ዘመቻውን ሲጀምር ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ተማሪዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አብረው ተሰለፉ። የአፍሪካና የእስያ አገሮች በዚያው ዓመት በኤዲንበርግ ከሚደረገው የኮመንዌልዝ ውድድር እንወጣለን ሲሉ አስጠነቀቁ። የክሪኬት ሜዳዎች በእሾሃማ ሽቦ ታጠሩ። በመጨረሻም በሜይ 1970 የእንግሊዝ መንግሥት ጉዞው እንዲቀር ጠየቀ፤ ቀረም። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ለ21 ዓመታት ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ውጪ ሆነች።

3. የ1983ቱ ጉዞ

በሩ ሲዘጋበት ዘረኛው ሥርዓት በገንዘብ መስኮት መክፈት ጀመረ። በ1982 በግሬሃም ጉች የሚመራ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ቡድን ያላገሩ ፈቃድ በምስጢር ሄደ፤ ቀጥሎ የስሪ ላንካ ቡድን ሄደ። ገንዘቡ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲሆን መንግሥቱ ለእነዚህ ኩባንያዎች የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የጉዞው ከፋይ በተዘዋዋሪ መንገድ መንግሥቱ ራሱ ነበር ማለት ነው።

ትልቁ ምርኮ ግን በጃንዋሪ 1983 የደረሰው ነው። በጃማይካዊው ሎውረንስ ሮው የሚመራ የዌስት ኢንዲስ ቡድን፣ ማለትም የባሮች ልጆች ቡድን፣ የአፓርታይድን ምድር ረገጠ። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት «ቴስት»ና ስድስት የአንድ ቀን ግጥሚያዎች ተደረጉ፤ በሁለተኛው፣ በ1983 መጨረሻና በ1984 መጀመሪያ፣ አራት «ቴስት»ና ስድስት የአንድ ቀን ግጥሚያዎች ተደረጉ። «ቴስት» የሚለውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ያስገባነው ዓለም አቀፉ የክሪኬት አካል ስላልተቀበላቸው ነው። ሁለቱም የጨዋታ ዓይነት በዕቅድ የተመረጠ ነበር። የአንድ ቀኑ ግጥሚያ የመግቢያና የቴሌቪዥን ገንዘብ ያመጣል። የአምስት ቀኑ ደግሞ ክብር ያመጣል፤ ለነጮቹ ተጫዋቾች የብሔራዊ ቡድን ቆብ ሲሰጣቸው ምንም ያልተጓደለ፣ አገሪቱም እንደማንኛውም አገር የሆነች ለማስመሰል ነው።

ጋዜጦች እነዚህን ጉዞዎች «የዐማፅያን ጉዞ» ብለው ሰየሟቸው። እኛ ይህን ስም አንቀበለውም። ዐማፂ ማለት በጭቆና ላይ የሚነሳ ነው። እነዚህ የተነሱት በጭቁኖች ጥሪ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሆነው ዘር ሳይለዩ ስፖርትን ያደራጁ የነበሩት ማኅበሮች፣ ኅብረተሰቡ ጤነኛ ሳይሆን ጤነኛ ስፖርት ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ማንም አይምጣ ብለው ጠርተው ነበር። ጥሪው ከውጭ የተጫነ አልነበረም።

ጊዜውንም እናስተውል። በኦገስት 1983 የተባበሩት ዴሞክራሲያዊ ግንባር ተመሥርቶ የሕዝቡ ትግል በአዲስ መልክ ተነሳ። በኖቬምበር 1983 ደግሞ ነጮች ብቻ ድምፅ ሰጥተው ለክልሶችና ለሕንዳውያን የይስሙላ ምክር ቤት የሚሰጥ፣ የአፍሪካውያኑን አብዛኛ ሕዝብ ግን ጨርሶ ከሥልጣን የሚያገል ሕገ መንግሥት አጸደቁ። ሥርዓቱ ፊቱን ቀለም ሊቀባ በሚሯሯጥበት ሰዓት የጥቁር ክሪኬተኞች መምጣት ምን ያህል ሲሳይ እንደሆነለት መገመት አያዳግትም።

ተጫዋቾቹ በተግባር «የክብር ነጮች» ሆነው ሰነበቱ፤ ለጥቁር በተከለከለ ሆቴል አደሩ፣ ለጥቁር በተከለከለ ምግብ ቤት በሉ። ሆኖም የክብር ነጭነት የሚሠራው የሚያውቅህ ሲኖር ብቻ ነው። ከዓለም አስፈሪ ወርዋሪዎች አንዱ የነበረው ኮሊን ክሮፍት በኬፕ ታውን ለነጮች ብቻ በተከለለ የባቡር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲገኝ ተቆጣጣሪው አስወጣው። በሜዳው የተጨበጨበለት ሰው በባቡሩ ጥቁር ሆነ። ስለ አፓርታይድ ምንነት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ አንድ ባቡር ይናገራል።

ለምን ሄዱ? «ሆድ አደሮች ናቸው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትንታኔ አይሆንም። በእነዚያ ደሴቶች ሥራ አጥነት የከፋ ነበር። ቡድኑ በዓለም ኀያል በመሆኑ ለአሥራ አንዱ ቦታ የሚሻሙት ብዙዎች ናቸው፤ ያልተመረጠ ተጫዋች ዓመቱን የሚኖርበት ደመወዝ የለውም። ለጉዞው ከ100 ሺ ዶላር በላይ የተከፈላቸው እንዳሉ በሰፊው ተነግሯል። በሌላ በኩል ግን ቪቭ ሪቻርድስና ማይክል ሆልዲንግ የቀረበላቸውን ብዙ ገንዘብ አንቀበልም ብለዋል። ስለዚህ ድህነት ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ምርጫውን አያስቀርም።

ቅጣቱም ሊመረመር ይገባል። የእንግሊዝ ተጫዋቾች የታገዱት ለሦስት ዓመት ነው። የዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾች ግን ዕድሜ ልክ ታገዱ፤ እገዳው የተነሳው በ1989 ነው። አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው መኖር አልቻሉም። የሕዝቡ ቁጣ በተለይ በጃማይካ ብርቱ ነበር። ጃማይካዊው ሪቻርድ ኦስቲን በኪንግስተን ጎዳናዎች ላይ ወድቆ ከኖረ በኋላ በ2015 ሞተ። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ባንኮችና ኩባንያዎች ከደቡብ አፍሪካ ወርቅና አልማዝ ትርፍ ሲያፍሱ ዕድሜ ልክ የታገደ ባለባንክ አልነበረም። እገዳው በመሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ ክብደቱ ግን በጉልበተኛው ላይ ሳይሆን በደካማው ላይ እንዳረፈ ካልተናገርን ግማሽ እውነት ይሆናል።

አንድ የመከላከያ ክርክር ይቀራል። ተጫዋቾቹና ደጋፊዎቻቸው፣ ጥቁሮች ነጮችን በሜዳቸው ሲያሸንፉ መታየቱ ዘረኝነትን ይጎዳል ይላሉ። በሁለተኛው ጉዞ የ«ቴስት»ን ውድድር 2 ለ 1 ማሸነፋቸው እውነት ነው። በማግስቱ ግን የይለፍ ወረቀት ሕጉ አልተነሳም፤ ማንዴላም ከእስር አልወጡም። ይህ እንግዲህ የገና ጨዋታው ጌታ ነው። የሚለየው፣ ይህኛው ጌታ ለሚመታበት ዱላ ራሱ ከፍሎ ማስመጣቱ ብቻ ነው።

4. ዋጋውን የከፈለው ማን ነው?

«ይህ ሁሉ የእንግሊዝና የካሪቢያን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን ነካን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን ምሩጽ ይፍጠር ነው።

በ1976 ክረምት የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ አደረገ። ጉዞው የሶዌቶ ተማሪዎች በጁን 16 ቀን በጥይት በተጨፈጨፉበት ሰሞን ነበር። የአፍሪካ አገሮች ኒው ዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትወጣ ጠየቁ። የኦሎምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ ጥያቄውን አልቀበልም አለ። ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር። በ1972 በሙኒክ በ10 ሺ ሜትር ነሐስ ያገኘው ምሩጽ በዕድሜው ብርቱ ወቅት ሳይሮጥ ቀረ። በ5 ሺም በ10 ሺም የፊንላንዱ ላሴ ቪረን አሸነፈ። ምሩጽ አራት ዓመት ጠብቆ በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ፤ በ2016 በካናዳ አረፈ።

እንግዲህ እናስተያይ። በ1976 አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ከአገሩ ርቆ በሚገኝ የራግቢ ሜዳ ምክንያት ኦሎምፒክ ቀረበት። በ1983 የካሪቢያን ክሪኬተኞች ለገንዘብ ሲሉ ወደዚያው አገር ሄዱ። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ጥሪ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ ጭቁን ሕዝብ ጥሪ። አንዱ ዋጋውን ከፈለ፤ ሌሎቹ ዋጋ ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ራሳችንን እዚህ ላይ ብናመሰግንና ብናቆም ለእውነት አልቆምንም። ምሩጽ መረጠ ወይ? ማንም አልጠየቀውም። ውሳኔው የደርግ መንግሥት ነበር። ያው መንግሥት በሶዌቶ ለተገደሉት ተማሪዎች ሲቆረቆር፣ ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባና በየክፍላተ ሀገሩ የገዛ ተማሪዎቹን በቀይ ሽብር ፈጀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በውጭ የሚታይ ትክክለኛ አቋም በቤት ውስጥ ለሚፈሰው ደም ስርየት ሊሆን አይችልም። ይህ ማለት ግን አቋሙ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ አንድ ግፈኛ እውነት ስለተናገረ እውነቱ ሐሰት አይሆንም።

ልዩነቱ በኋላ በተከተሉት ሁለት ኦሎምፒኮች ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1984፣ ውድድሩ እዚሁ ካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ ሲደረግ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና ቀረች። በ1988 ከሰሜን ኮርያ ጎን ቆማ ከሴኡል ቀረች። በላይነህ ዲንሳሞ በኤፕሪል 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት ግን ወደ ሴኡል አልሄደም። ለዚህ መሥዋዕትነት የጠራ የትኛው ጭቁን ሕዝብ ነው? ማንም። የጠሩት የመንግሥታት ወዳጅነትና ጥቅም ናቸው። ስለዚህ «አድማ» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም የ1976ቱና የ1988ቱ አንድ አይደሉም።

5. ፍጻሜውና ከፍጻሜው የተረፈው

ትግሉ በስፖርት ሜዳ ብቻ አልተወሰነም። በኖቬምበር 1984 በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የጭነት ሠራተኞች ማኅበር አባሎች ኔድሎይድ ኪምበርሊ ከተባለው መርከብ የደቡብ አፍሪካን ዕቃ አናወርድም ብለው 11 ቀን ቆሙ። በ1985 የበርክሌይ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ከአፓርታይድ ጋር ከሚነግዱ ኩባንያዎች እንዲወጣ ተሰለፉ፤ በጁላይ 1986 የዩኒቨርሲቲው አስተዳዳሪዎች 3.1 ቢሊዮን ዶላር የሚያህለውን ለማውጣት ወሰኑ። ማንዴላ በኦክላንድ ሜዳ በቆሙ ጊዜ የወደብ ሠራተኞቹን በስም ጠርተው አመሰገኑ።

የመጨረሻው የተገዛ የክሪኬት ጉዞ በጃንዋሪ 1990 የመጣው የእንግሊዝ ቡድን ነው። በዚህ ጊዜ ግን ያስቆመው የለንደን ሰልፈኛ አልነበረም፤ የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ራሱ ነው። ሰልፈኛው በየሜዳው ወጣ፤ ጥቁር የሆቴል ሠራተኞች አናስተናግድም አሉ። በፌብሩዋሪ ማንዴላ ሲፈቱ ጉዞው ተቆርጦ ቀረ።

ደቡብ አፍሪካ በኖቬምበር 1991 ወደ ዓለም አቀፍ ክሪኬት ተመለሰች። በማርች 17 ቀን 1992 ነጮች ስለ ለውጡ ድምፅ ሲሰጡ «አይሆንም» ካሉ ስፖርታቸው እንደገና እንደሚዘጋ ያውቁ ነበር፤ ከመቶ 68 በላይ የሚሆኑት «ይሁን» አሉ። በኤፕሪል ቡድኑ ወደ ዌስት ኢንዲስ ሄዶ ሦስት የአንድ ቀን ግጥሚያዎችና በባርቤዶስ አንድ ቴስት ተጫወተ፤ አራቱንም ተሸነፈ። ከዌስት ኢንዲስ ጋር ያደረገው የመጀመሪያ ቴስት ይህ ነው። ለዚያ ቴስት የተሰለፉት አሥራ አንዱም ግን ነጮች ነበሩ። ጥቁር አፍሪካዊው ማካያ ንቲኒ ለአገሩ ቴስት የተጫወተው በ1998 ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ሕጉ ለዘመናት የነፈገው ሜዳ፣ ትምህርት ቤትና እንጀራ ግን በአንድ ቀን አይመለስም።

6. ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት

እኛም በስደት ስፖርት አለን። ከ1984 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ለእግር ኳስ ውድድር እንሰበሰባለን፤ ውድድሩ በሳን ሆዜም ተደርጎ ያውቃል። በዚያ በዓል ከልጅነቱ ወዲህ ያላየውን ወዳጁን ያገኘ ብዙ ነው። ሆኖም በዚያው በዓል የክብር እንግዳው ማን ይሁን፣ ገንዘቡ ከማን ይምጣ በሚል ተጣልተን፣ በ2012 በአንድ ክረምት ሁለት ውድድር በሁለት ከተማ እስኪደረግ ድረስ ተከፋፍለናል። «ስፖርት ከፖለቲካ ይለይ» የሚለው መልስ ያኔም አላዳነንም፤ ወደፊትም አያድነንም። በደፈናው «ሁሉም ይታደም» ማለትም ሆነ በደፈናው «ሁሉም ይወገዝ» ማለት ከማሰብ የሚያሳርፍ እንጂ መንገድ የሚያሳይ አይደለም።

ከላይ ከዘረዘርነው ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች እናወጣለን። አንደኛ፣ ጥሪው የማን ነው? አትሂዱ፣ አትቀበሉ የሚለው ድምፅ ከጭቁኑ ሕዝብ ከራሱ የመጣ ነው ወይስ በስሙ ከሚናገር ባለሥልጣን ወይም ስደተኛ መሪ? ሁለተኛ፣ ከፋዩ ማን ነው? ከጉዞው፣ ከውድድሩ፣ ከኮንሰርቱ በስተጀርባ ያለው ገንዘብ ምን ይገዛበታል? ሦስተኛ፣ ዋጋው በማን ላይ ይወድቃል? አድማውን የሚያውጀው ሰው ራሱ የሚያጣው ነገር አለ ወይስ ሯጩን፣ ዘፋኙን፣ ተጫዋቹን ብቻ ያስከፍላል?

ሦስተኛው ጥያቄ እኛን ስደተኞችን በተለይ ይመለከታል። ኤመሪቪል ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለውን ሰው «ለምን ሄድክ፣ ለምን ተጫወትክ» ማለት ቀላል ነው። ዴኒስ ብሩተስ በስደት ሆኖ ሊናገር የቻለው በአገሩ ጥይትና እስር የቀመሰ፣ የአገር ቤቶቹንም ድርጅቶች ጥሪ ያስተላለፈ ሰው ስለነበር ነው። የሌላውን መሥዋዕትነት ለመጠየቅ የሚነሳ ሁሉ በመጀመሪያ የራሱን ድርሻ ይቁጠር።

ክርክሩን ያስነሳው ጓዳችን እንደገና ወደ ኮሊሲየም መሄዱን አልተወም፤ እንዲተወውም አልጠየቅነውም። የኦክላንዱን ጨዋታ ማንም ጭቁን ሕዝብ አትዩ ብሎ አልጠራበትም። የጠየቅነው በሜዳው ተቀምጦ ኳሷን ሲከተል ያንን ሜዳ ለማንዴላ የከፈቱትን እንዲያስባቸው ነው፤ መርከቡን ያቆሙትን ወዛደሮች፣ ጡጫቸውን ያነሱትን የሳን ሆዜ ተማሪዎች፣ ሳይሮጥ የቀረውን ምሩጽን፣ ከባቡር የተባረረውንም ክሮፍትን። በሚቀጥለው ስብሰባችን ሦስቱን ጥያቄዎች በራሳችን የእግር ኳስ ውድድር ላይ እንመረምራቸዋለን። ሌሎች የጥናት ክበቦችም እንዲሁ እንዲያደርጉና ድምዳሜያቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።